ወንድሜ ታስሯል፣ መድኃኒቱም ተቋርጧል

የጣና ዳር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት ወንድሜ ትናንት ማታ ገበያ ውስጥ ተጣልቶ ፖሊስ ጣቢያ ገብቷል። ለሕመሙ ሊቲየም የሚባል ኪኒን ይወስድ ነበር። እህቱ ነኝ፣ ከየት ልጀምር?

ነርስ፦ አይዞሽ እህቴ። የሕክምና ክትትሉ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከሆነ ከዚያው፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ከሆነም ከዚያ፣ የሕመሙንና የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት የያዘ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ አውጪ። አንድ ኮፒ ለመርማሪው፣ አንድ ለተረኛው ፖሊስ። ኪኒኑን ፈልቅቀሽ በፌስታል አትላኪ፣ ከነማሸጊያው ይሁን። ሊቲየም ውኃ ይፈልጋል፤ በዚህ ሙቀት፣ በታጨቀ ክፍል ውኃ ካጠረው ደሙ ውስጥ ይከማቻል። እጁ ክፉኛ ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ ቀጣዩን ሳይውጥ ቶሎ ሆስፒታል ይወሰድ። ራሴን አመመኝ ቢል ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም እንዳታቀብዪው፣ የሊቲየሙን መርዛማነት ይጨምራሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል።

ሕግ ነክ፦ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19። አንቀጽ 21 ቤተሰብም ሐኪምም እንዲጎበኘው ይፈቅዳል፤ በር ላይ ከከለከሉሽ ይህንን ጥቀሺ። ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው ጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ዋስትና ስትጠይቁ የሐኪሙን ወረቀት አያይዙ። «አእምሮው ልክ አይደለም» ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 48 የሚያየው ድርጊቱ ሲፈጸም የነበረበትን ሁኔታ ነው። ስለዚህ በአንቀጽ 51 መሠረት በባለሙያ እንዲመረመር አመልክቱ።

የጣና ዳር፦ ከጠበል ጀምሮ መድኃኒቱን ትቶት ነበር፣ እሱንም ልናገር?

ነርስ፦ ያቆመበትን ቀን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ቆይቶ ከሆነ በድሮው መጠን ራስሽ አታስጀምሪው፣ ሐኪሙ ይወስን። ጠበሉና ኪኒኑ እርስ በርስ አይጣሉም።