«አንድ ወር ይልመድ»፦ በባሕር ዳር ተማሪዎች የክረምት ሥራ ላይ የተነሣ ክርክር

የሽንብጥ ልጅ፦
ትናንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የተጋበዙ ሰው «የባሕር ዳር ተማሪ ክረምቱን ቤት የሚውለው ሥራ ጠፍቶ ሳይሆን ሥራ ንቆ ነው» ሲሉ ሰምቼ ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። የ11ኛ ክፍል ፈተናዬን ካጠናቀቅሁበት ቀን ጀምሮ ከቀበሌ 14 እስከ ጣና ዳር ያሉ ካፌዎችን በር አንኳኩቻለሁ። አንዱ ተያዥ አምጣ ይላል፤ ሌላው የቀበሌ መታወቂያ ይጠይቃል፤ መታወቂያው ግን 18 ዓመት ላልሞላው አይሰጥም፣ እኔም ገና 17 ዓመቴ ነው። በመጨረሻ የተገኘው ደግሞ «አንድ ወር ያለ ክፍያ ልመድና ከዚያ በኋላ እናያለን» የሚል ነበር። እስቲ ፍረዱ፤ እኔ ሥራን ናቅሁ ወይስ ሥራው እኔን ናቀኝ?

ባለካፌዋ፦
ልጄ፣ ምሬትህ ይገባኛል፤ ነገር ግን የእኛንም ወገን ስማ። ብርጭቆ ይሰበራል፣ ሒሳብ ይሳሳታል፣ የቀን ሽያጭ ይዞ የተሰወረም አጋጥሞኛል፤ ተያዥ የምንጠይቀው ስለዚህ እንጂ ወጣቱን ለማጉላላት አይደለም። ትሪ ይዞ የማያውቅን ልጅ አንድ ወር ይልመድ ብንል ምን ነውር አለው? እኛም ሲኒ እያጠብን ነው እዚህ የደረስነው።

የሕግ ተማሪ፦
እትዬ፣ «ይልመድ» የሚለውን ቃል እንደ ዋዛ ሊያሳልፉት አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ልጅ ወጣት ሠራተኛ ብሎ ያውቀዋል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራም ይከለክላል። የሙከራ ጊዜ የሚባለውም ከ60 የሥራ ቀናት ሳይበልጥ በጽሑፍ የሚደረግ ስምምነት ነው፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ደመወዝ አያገኝም የሚል አንቀጽ ግን የለውም። ተማሪው ያለው ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ሆኖ ሳለ አንዱን ወር በነፃ ይልመድ ማለት የክረምቱን ግማሽ ውሰዱበት ማለት ነው።

ጀልባ ነጂው፦
ሕጉን ለጊዜው ተዉትና የውኃውን ጠባይ እንነጋገር። ትምህርት ቤት የሚዘጋው የእኛ ሥራ ሲቀዘቅዝ ነው። ጢስ ዓባይ ሞልቶ የሚያጓራው በክረምት ቢሆንም፣ ጭቃውን ደፍሮ የሚያየው ጎብኚ ጥቂት ነው፤ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሻገረውም በብዛት የሚመጣው ከመስከረም እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ያውም በደኅናው ዘመን፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሆቴሉ የራሱን ሠራተኛ በሚያሰናብትበት ወር ተማሪ ሥራ አልፈለገም ብሎ መናገር፣ በሐምሌ ገበሬውን ለምን አላጨድህም ብሎ እንደ መውቀስ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
የሬዲዮው እንግዳ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ብዬ አላምንም። ገበሬው በሐምሌ አያጭድም፤ ያርማል እንጂ! ፎገራ አሁን ሩዝ የሚያርም እጅ ይፈልጋል፤ የከተማ ልጅ ግን ጭቃ እንዳይነካው ስለሚፈራ ካፌ ለካፌ ይዞራል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ያሉት አባቶቻችን ያለ ምክንያት አይደለም።

የሕግ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ተረቱ የሚሳለቀው ሥራ በፈታ ሰው ላይ ሳይሆን፣ ሥራ ላለመፍታት ብሎ የማይረባ ነገር በሚሠራ ሰው ላይ ነው። ደመወዝ የሌለው ወር ልጅን ከማፋታት በምን ይለያል? ምሳሌዎ ለእኛ ወገን ሆነ።

ጡረተኛው መምህር፦
ተረት የምታስተምረኝ አንተ ነህ? 34 ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ምሳሌ እንደ ተናጋሪው ሐሳብ ይተረጎማል።

የወረታ ልጅ፦
በተረቱ ተከራከሩ፤ እኔን ያስቆጣኝ ግን «ፎገራ» የሚለው ስም እንደ ቅጣት ቦታ መጠራቱ ነው። የሩዝ አረም ማንም እየተነሣ የሚገባበት ሥራ አይደለም። ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መዋል ብቻ ሳይሆን፣ ከሩዙ ጋር አብሮ የሚበቅለው የዱር ሩዝ ገና በቡቃያነቱ መልኩ አንድ ስለሆነ ዐይኑ ያልለመደ ሰው ሰብሉን ነቅሎ አረሙን ይተዋል። እኔ ብሆን የሽንብጥን ልጅ በማሳዬ ላይ አላሰማራም፤ ይህን የምለው ንቄው አይደለም።

ባለካፌዋ፦
አያችሁ! እናንተም ዘንድ መልመድ ያስፈልጋል ማለት ነው። እኔ ስለው ግፍ፣ ገበሬው ሲለው ሙያ የሚሆነው ለምንድን ነው?

የወረታ ልጅ፦
እኛ ዘንድ አራሚ በዋለበት ቀን ይከፈለዋል፤ ማረም የማይችለውን በነፃ ከማዋል በጠዋቱ እንመልሰዋለን።

ጀልባ ነጂው፦
ዓሣ አስግሩ የሚል ሰው ብቅ ሳይል አስቀድሜ ልመልስ። ነጩ ዓሣ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች የሚወጣው በዚሁ ክረምት ነውና በወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ልጅ የሚበላው የከርሞውን ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
እንግዲያውስ በክረምት በጎ ፈቃድ ይሳተፉ። ችግኝ ይትከሉ፣ የአረጋውያንን ቤት ይጠግኑ፣ እምቦጭ ይንቀሉ፤ የምስክር ወረቀትም ያገኛሉ።

የሽንብጥ ልጅ፦
ጋሼ፣ ዓምና እምቦጭ ነቅያለሁ፤ ለሐይቁ ስል ዘንድሮም እነቅላለሁ። ነገር ግን በዚያ የምስክር ወረቀት ደብተርና የደንብ ልብስ የሚሸጥልኝ ነጋዴ አላገኘሁም። በጎ ፈቃድ ጥሩ የሚሆነው ፈቃዱ የእኔ ሲሆን ነው፤ ካፌው ውስጥ የምለምደው ወር ግን በጎ ፈቃድ የተባለው በእኔ ሳይሆን በባለቤቱ ነው።

የልጅ እናት፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ልጄ ባለፈው ክረምት ስሙን በማልጠራው ቤት ልክ እንደዚህ «ልመጂ» ተብላ ገባች። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ወለል ስትወለውል፣ ሲኒ ስታጥብ ሠላሳ ቀን ሞላት፤ በሠላሳ አንደኛው ቀን «ለጊዜው ሰው ሞልቷል» ተባለች። በሳምንቱ በዚያ በኩል ሳልፍ የእርሷን ሽርጥ የለበሰች ሌላ ልጅ አየሁ። በየወሩ ለማጅ የሚለዋወጥበት ቤት ደመወዝተኛ ለምን ይቀጥራል?

ባለካፌዋ፦
እኅቴ፣ ለደረሰባችሁ አዝናለሁ፤ ሆኖም በእኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም። ለማጆቼን ምሳም ራትም አበላለሁ።

የልጅ እናት፦
ራት ካበሉማ እስከ ማታ ያቆዩአቸዋል ማለት ነው። 7 ሰዓት ሥራ ራት ላይ አያደርስም።

ባለካፌዋ፦
በጎ የተናገርሁትን ሁሉ ወደ ክስ ትለውጡታላችሁ! ለማንኛውም፣ የሽንብጥ ልጅ፣ ቁም ነገረኛ ትመስለኛለህ። የምትፈልግ ከሆነ አድራሻዬን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ከአባትህ ወይም ከሌላ ተያዥ ጋር ና።

የሽንብጥ ልጅ፦
አመሰግናለሁ፣ እትዬ። እመጣለሁ። የመጀመሪያው ወር ክፍያ ስንት ነው?

የሕግ ተማሪ፦
ውሉም በጽሑፍ መሆኑን አብረህ ጠይቅ።

ባለካፌዋ፦
ሲኒ ለማጠብ ደግሞ ምን ውል ያስፈልጋል?