ክርክር፦ ለሁለተኛ ጊዜ የሚዛወር የኮሌጅ ተጫዋች አንድ ዓመት ይቀመጥ ወይስ ወዲያው ይሰለፍ?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው። በአሜሪካ ኮሌጅ ባስኬትቦል ድሮ ትምህርት ቤት የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይሰለፍ ይቀመጥ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ዝውውር ነፃ ሆነ። በ2024 ደግሞ ትምህርቱን እስካላበላሸ ድረስ ስንት ጊዜም ቢቀያይር ወዲያው ይጫወት ተባለ። ለሁለተኛው ዝውውር ያ የአንድ ዓመት መቀመጥ ይመለስ ወይስ አይመለስ? የሜሪላንድ ደጋፊዎች ቁስላችሁን ይዛችሁ እንደምትመጡ ይታወቃል፤ ብቻ በቁጥርና በአሠራር ተናገሩ።

ቴራፒን፦
ይመለስ እንጂ! በ2024-25 ሜሪላንድ 27 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ስዊት ሲክስቲን (የብሔራዊው ውድድር የመጨረሻ 16) ገባ። ቋሚዎቹ አምስት "ክራብ ፋይቭ" የተባሉት ነበሩ። ጊሌስፒ ከቤልሞንት፣ ራይስ ከቨርጂኒያ ቴክ፣ ሚጌል ከሳውዝ ፍሎሪዳ የመጡ፤ ሪስ አራቱንም ዓመት እዚሁ የቆየ፤ ኩዊን ደግሞ የባልቲሞር ልጅ፣ ገና አንደኛ ዓመት። በፍሎሪዳ 87 ለ 71 ተሸነፉ፤ በቀናት ውስጥ አሰልጣኝ ኬቨን ዊላርድ ወደ ቪላኖቫ ሄደ። ከዚያ ጊሌስፒ ቴነሲ፣ ራይስ ዩኤስሲ ገቡ፣ ኩዊን በኤንቢኤ ድራፍት 13ኛ ሆኖ ተመረጠ፣ ሚጌልና ሪስ ዓመታቸውን ጨረሱ። ከአምስቱ አንድ እንኳ አልተረፈም። የጊሌስፒም የራይስም ሁለተኛ ዝውውር መሆኑን ልብ በሉልኝ። አንድ ዓመት መቀመጥ ቢኖርባቸው አዲሱ አሰልጣኝ በዝ ዊሊያምስ ቢያንስ አስቀምጦ የሚያነጋግራቸው ሰው ያገኝ ነበር።

ሆያ፦
ቴራፒን፣ የራስህ ታሪክ ራስህን ይረታሃል። መጀመሪያ የሄደው ማን ነው? አሰልጣኙ ነው። ያውም ውድድሩ ሊጀመር ሲል ስለ በጀት በአደባባይ ከተናገረ በኋላ። ዊላርድ ቪላኖቫ ገብቶ ወዲያው ሥራ ሲጀምር ማንም "አንድ ዓመት ተቀመጥ" አላለውም። እሱን አምኖ ኮሌጅ ፓርክ (ሜሪላንድ ማለት ነው) የመጣው ልጅ በምን ዕዳው ይቀመጣል?

የሕጉ ሰው፦
"ይመለስ" ለማለት መጀመሪያ ማን እንደሚመልሰው መታወቅ አለበት። ኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር) ቢፈልግም ብቻውን መመለስ አይችልም። ነገሩ የተፈታው በፍርድ ቤት ነው። ሬይኳን ባትል የተባለ ተጫዋች ከዋሽንግተን ወደ ሞንታና ስቴት፣ ከዚያ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሄደና ሁለተኛ ዝውውር ስለሆነ መሰለፍ ተከለከለ። በታኅሣሥ 2023 ሰባት ክፍለ ግዛቶች በፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ከሰሱ፤ የዌስት ቨርጂኒያው ፌዴራል ዳኛ ጆን ፕሬስተን ቤይሊ ክልከላውን አገዱ፤ ባትልም ዓመቱ ሳያልቅ ተሰለፈ። ቆይቶ የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤትም ከከሳሾቹ ጎን ቆመ፤ በ2024 ጸደይ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፣ ኤንሲኤኤም ደንቡን ዳግም ላያወጣ ተገደደ። ስለዚህ መንገዱ ኮንግረስ ብቻ ነው። በ2025 ለተወካዮች ምክር ቤት የቀረበው ስኮር አክት የተባለው ረቂቅ ለኤንሲኤኤ የዝውውር ደንብ የማውጣት ከለላ ይሰጣል፤ እሱም ቢሆን የመጀመሪያውን ዝውውር ነፃ አድርጎ ይተወዋል።

ጋሽ ሪፈሪ፦
ልጆች፣ ሕጉን ተዉትና ስለ ትምህርቱ አስቡ። ያ ዓመት ቅጣት ብቻ አልነበረም፤ ልጁ ክሬዲቱን የሚያስተካክልበት ጊዜም ነበር። ሦስት ትምህርት ቤት የዞረ ልጅ ዲግሪውን ከየትኛው ነው የሚወስደው? እዚህ ስለ ነጥብና ስለ ሪባውንድ እንጂ ስለ ምርቃት የሚጠይቅ አንድ ሰው አላየሁም።

የሕጉ ሰው፦
ጋሼ፣ ጭንቀትዎ ልክ ነው። ለእሱ ግን መቀመጥ አያስፈልግም፤ የ40/60/80 ደንብ አለ። ተጫዋቹ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር የዲግሪውን 40 በመቶ፣ አራተኛውን ሲጀምር 60፣ አምስተኛውን ሲጀምር 80 ጨርሶ መገኘት አለበት። ዲግሪው 120 ክሬዲት ከሆነ 48፣ 72፣ 96 ማለት ነው። ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። 75 ክሬዲት ይዞ አራተኛ ዓመቱን የሚጀምር ልጅ በቁጥር አልፏል። አዲሱ ትምህርት ቤት 75ቱንም ተቀብሎ ለመረጠው የትምህርት ክፍል የሚቆጠሩት 60 ብቻ ናቸው ካለው ግን ወደቀ፤ 12 ክሬዲት ይጎድለዋል። የቀረው ክሬዲት ትራንስክሪፕቱ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል፣ ለመሰለፍ ግን አይረዳውም። ባስኬትቦል ተጫዋቾች በአንዱ ትምህርት ቤት "ስፖርት ማኔጅመንት" ጀምረው ሌላው ጋ ክፍሉ ጭራሹን የማይኖርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። አንዳንዱ የበጋ ኮርስ ሁለት ሦስት ወስዶ ይሞላዋል፤ 12 ክሬዲት በአንድ በጋ መሙላት ግን ቀላል ሥራ አይደለም።

ጋሽ ሪፈሪ፦
ታዲያ አንተው ራስህ ለምን ጊዜ እንደሚያስፈልግ አስረዳህልኝ እኮ።

ስታት ቤት፦
ጋሼ አሸነፉ። 😄

እኔ ደግሞ ወደ ደጋፊው ተስፋ ልምጣ፤ ግማሹ ንዴት የሚመጣው ከተሳሳተ ስሌት ነውና። አንድ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፤ አምስት ሰው ሲሰለፍ 200 የተጫዋች ደቂቃ ይሆናል። ፖርታሉ (መዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ስም የሚገባበት መዝገብ) ሲከፈት ማን መጣ ከማለታችሁ በፊት ካለፈው ዓመት ስንት ደቂቃ እንደተመለሰ ቁጠሩ። በወረቀት 15 ሰው ቢኖርም ጠበቅ ባለ ጨዋታ የሚገቡት ስምንት ወይም ዘጠኝ ናቸው። ከ200ው 100 ከተመለሰ አሰልጣኙ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ይደፍናል። 10 ከተመለሰ ግን በመስከረም ልምምድ የሚጀምሩት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ልጆች ናቸው፤ መጀመሪያ የሚበላሸው ደግሞ መከላከሉ ነው። ስክሪን (የተከላካይን መንገድ የሚዘጋ ተጫዋች) ሲመጣ ማን ይቀይራል፣ ማን ይከተላል የሚለው ነገር በቪዲዮ አይገዛም።

ሁለተኛው ወጥመድ ቁጥሩ ነው። "ባለ ሦስት 40 በመቶ ይመታል" ተብሎ የሚመጣ ልጅ ስንቴ ሞክሮ ነው? 60 ጊዜ ሞክሮ 24 ካስገባ 40 በመቶ ይባላል። ከእነዚያ አራቷ ወጥታ ቢሆን ኖሮ 33 በመቶ ነበር። አራት ኳስ ብቻ! 180 ጊዜ ሞክሮ 38 በመቶ ያለው ይሻለኛል። ሙከራው ትንሽ ከሆነ ፍሪ ትሮውን እዩ፤ 82 በመቶ የሚመታ እጅ ውሎ አድሮ ከሩቅም ያስገባል፣ 61 በመቶ የሚመታው ግን ያሰጋል። በትንሽ ኮንፈረንስ (የትምህርት ቤቶች ምድብ) በጨዋታ 20 ነጥብ የሚያስቆጥረው ደግሞ ኳሱ ሁሉ በእሱ እጅ ስለሚያልፍ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ቡድን ውስጥ ያንን ያህል ኳስ ማን ይሰጠዋል?

ቅዱስ ዮሐንስን ተመልከቱ፣ የኒውዮርኩን ሴንት ጆንስ ማለቴ ነው። በ2024-25 ሪክ ፒቲኖ ሪችመንድን ከሴተን ሆል፣ ስሚዝን ከዩታ አምጥቶ 31 ጨዋታ አሸነፈ፣ ቢግ ኢስት የተባለውን ኮንፈረንስም ወሰደ። በመከላከል የሚደርስባቸው አልነበረም። ከሩቅ የሚመታ ሰው ግን አልተገዛም፤ በውድድሩ ሁለተኛ ዙር ከአርካንሳ ጋር ከ22 ባለ ሦስት ሙከራ ሁለት ብቻ ገባና ወደ ቤት። ስም ያላቸው ልጆች ተሰበሰቡ፣ አንዱ ቀዳዳ ግን ሳይደፈን ቀረ።

ቴራፒን፦
እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በየዓመቱ ከዜሮ የሚሠራ ስብስብ ይኸው ነው ውጤቱ።

ስታት ቤት፦
አይ፣ አንተ የምትለው ሌላ ነው። ከዜሮ ሠርቶ የተሳካለትም አለ። ሉዊቪል 8 አሸንፎ 24 ከተሸነፈ በኋላ ፓት ኬልሲ ስብስቡን ከሥሩ ለውጦ በ2024-25 27 ለ 8 ጨረሰ። ኬንታኪም በማርክ ፖፕ የመጀመሪያ ዓመት እንዲሁ በአዲስ ልጆች ስዊት ሲክስቲን ገብቷል። ዋንጫ ግን እስከዚያ ድረስ ለሌላ ዓይነት ቡድን ነው የሄደው። በ2025 ሂውስተንን 65 ለ 63 ያሸነፈው ፍሎሪዳ ክሌይተንን ከአዮና፣ ሪቻርድን ከቤልሞንት፣ ማርቲንን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ ነው ያመጣው። ሦስቱም ከፖርታል ናቸው። ግን ሪቻርድ ሦስት ዓመት፣ ክሌይተን ሁለት ዓመት ቆይተዋል። ከዚያ በፊት በ2024 ለፍጻሜ የደረሰው ፐርዱ ኢዲን፣ ስሚዝን፣ ሎየርን ራሱ አሳድጎ የጎደለውን አንድ ጋርድ ብቻ ከሳውዘርን ኢሊኖይ አመጣ። ያሸነፈው ዩኮን ደግሞ ኒውተንን ከኢስት ካሮላይና፣ ስፔንሰርን ከራትገርስ አምጥቶ ከክሊንገንና ከካራባን ጋር ቀላቀለ። ዋናው ጥያቄ ስንት ሰው መጣ አይደለም፤ የመጣው ሁለተኛ ዓመት ይቆያል ወይ ነው።

ሆያ፦
የሚያቆየው ደግሞ ገንዘብ ነው፤ በግልጽ እናውራው። በሰኔ 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ሀውስ የተባለውን ክስ የዘጋውን ስምምነት ካጸደቁ ወዲህ አንድ ትምህርት ቤት ለ2025-26 እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለተጫዋቾቹ መክፈል ተፈቀደለት። ትልቅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ያላቸው ብዙዎቹ ሦስት አራተኛውን ለፉትቦል ይሰጡና ለወንዶች ባስኬትቦል 15 በመቶ አካባቢ ያስቀምጣሉ። ይህ ወደ 3.1 ሚሊዮን ይጠጋል፤ ለ15 ሰው እኩል ቢካፈል ለአንዱ 205 ሺህ ገደማ፤ እኩል ግን አይካፈልም። እንደ እኛ ጆርጅታውን በቢግ ኢስት ያለነው አብዛኞቻችን እንዲህ ዓይነት ፉትቦል ስለሌለብን ከጣሪያው ሥር ለባስኬትቦል የበለጠ መመደብ እንችላለን፤ ጣሪያው ድረስ መክፈል ግን ግዴታ አይደለም፣ ገንዘቡም መኖር አለበት። ጆርጅታውን ማክን ከሃርቫርድ፣ ኬጄ ሉዊስን ከአሪዞና ያመጣው በጸሎት አይደለም።

ቴራፒን፦
የእናንተው ተጫዋች ኤፕስስ? ከኢሊኖይ መጥቶ ሁለት ዓመት ተጫወተላችሁ፣ ከዚያ ሚሲሲፒ ስቴት ገባ። እሱም ሁለተኛ ዝውውር ነው።

ሆያ፦
ገባ፤ ሁለት ዓመት ሠርቶልን ሄደ። ሰው ኮንትራቱን ጨርሶ ሥራ ሲቀይር አይታሰርም።

ቴራፒን፦
እሺ፣ ሕጉ ካልፈቀደ ጠበብ ላድርገው። ቢያንስ በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ አይሁን። ሜሪላንድም ዩኤስሲም ቢግ ቴን ናቸው። ራይስ ጨዋታችንን በሙሉ በራሱ ተጫውቶት ያውቀዋል፣ በዓመቱ ተቃራኒ ሆኖ ይመጣል።

ስታት ቤት፦
ምኑን ያውቀዋል? አሰልጣኙም፣ ተጫዋቾቹም፣ ጨዋታውም ተቀይሯል። ከቀድሞው የቀረ ቢኖር አዳራሹ ነው።

የሕጉ ሰው፦
ቴራፒን ከፈለግህ የሚሠራ ነገር ኮንትራት ነው። አሁን ትምህርት ቤቶች የሁለት ዓመት የገቢ መጋራት ውል እያስፈረሙ "ቀድመህ ከሄድክ ይህን ያህል ይመለሳል" የሚል አንቀጽ ያስገባሉ። ክፍያውን ብዙ ጊዜ አዲሱ ትምህርት ቤት እንዲሸፍነው ይደራደራሉ። ፈተናው ውሉ ይከበራል ወይ የሚለው ነው። በፉትቦል በ2025 መጀመሪያ ላይ ዊስኮንሲን አንድ ተጫዋቹን ስሙን ፖርታል አላስገባም አለ፤ ልጁ ግን ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ እንደማንኛውም ተማሪ ማያሚ ተመዘገበ። ዊስኮንሲን በሰኔ ማያሚን ከሰሰ። ፖርታል መዝገብ እንጂ መቆለፊያ አይደለም።

አሠራሩንም ብዙ ሰው ስለሚያሳስተው ልጨምር። ተጫዋቹ ለትምህርት ቤቱ የደንብ ክትትል (ኮምፕላያንስ) ቢሮ በጽሑፍ ያመለክታል፤ ትምህርት ቤቱ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ስሙን ማስገባት አለበት። ስሙ ከመግባቱ በፊት ሌላ አሰልጣኝ ሊያናግረው አይፈቀድም፤ በተግባር በወኪልና በቀድሞ የክለብ አሰልጣኝ በኩል ይነጋገራሉ፣ ማስረጃ ማግኘቱ ነው ከባዱ። ወዴት እንደሚሄድ የወሰነ ልጅ "አታናግሩኝ" የሚል ምልክት ያስደርጋል። የ2025 የፖርታል መስኮት ከማርች 24 እስከ ኤፕሪል 22፣ 30 ቀን ነበር። በ30ው ቀን ስም መግባቱ ይበቃል፤ አዲስ ቤት መምረጡ እስከ በጋ ሊቆይ ይችላል። ደጋፊው የመጨረሻው ቀን አልፎ "ማንም አልመጣም" ብሎ የሚያለቅሰው ይህን ባለማወቅ ነው። ተጫዋቹ ላይ ደግሞ የሚከብደው ሌላ ነው፦ ስሙ አንዴ ከገባ የነበረበት ትምህርት ቤት ስኮላርሺፑን በሴሚስተሩ መጨረሻ ማቋረጥ ይችላል። ልመለስ ቢል መልሶ መቀበሉ የእነሱ ፈንታ ነው።

ጋሽ ሪፈሪ፦
የ2025ቱ መስኮት እኮ የተከፈተው ገና አሥራ ስድስት ቡድን በውድድር ላይ እያለ ነው። አሰልጣኝ በቀን ፍሎሪዳን ያጠናል፣ በሌሊት ተዛዋሪ ይደውላል። የመቀመጡን ነገር ብትቃወሙ እንኳ ይህን አትከራከሩኝም፤ መከፈት የነበረበት ፍጻሜው ካለቀ በኋላ ብቻ ነው።

ሆያ፦
በዚህ አንድ ነን ጋሼ።

ቴራፒን፦
በዚህ እኔም።

ሜሮን፣ ሚኒሶታ፦
ሁላችሁም የምታወሩት ስለ አሜሪካ ልጆች ነው። ከአዲስ አበባም ይሁን ከናይሮቢ በተማሪ ቪዛ መጥቶ የሚጫወት ልጅስ? መዛወርም መከፈልም ለእሱ እኩል ክፍት ነው?

የሕጉ ሰው፦
መዛወሩ ክፍት ነው፣ ወረቀቱ ግን ይጨምራል። በኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) ያለ ተማሪ ከባስኬትቦሉ ፖርታል ሌላ የሴቪስ (መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን የሚከታተልበት) መዝገቡም መዛወር አለበት። አዲሱ ትምህርት ቤት የተቀበለበትን ደብዳቤ ለነበረበት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ያቀርባል፣ መዝገቡ የሚለቀቅበት ቀን ይቆረጣል፣ ከዚያ አዲሱ ቢሮ አይ-20 የተባለውን የተማሪነት ቅጽ ያወጣለታል። ትምህርቱ በተጀመረ በ15 ቀን ውስጥም አዲሱ ቢሮ ቀርቦ መመዝገብ አለበት። በሁለቱ ትምህርት መካከል ከአምስት ወር በላይ ክፍተት መኖር የለበትም። የሚለቀቅበት ቀን ካለፈ በኋላ "ሐሳቤን ቀየርኩ" ማለት ስለማይቻል የመጨረሻው ምርጫ ሳይቆረጥ ያንን ቀን ማስቆረጥ አደገኛ ነው።

ክፍያው ነው ትልቁ ልዩነት። ኤፍ-1 በአሜሪካ ምድር መሥራትን አጥብቆ ይገድባል፤ ማስታወቂያ መሥራት ሥራ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ለዚህ ነው የኮንጎው ኦስካር ሺብዌ በ2022 ኬንታኪ ባሃማስ ሲሄድ ማስታወቂያዎቹን እዚያ የሠራው። ትምህርት ቤቱ በቀጥታ የሚከፍለው ገንዘብም ለኤፍ-1 ተማሪ ግልጽ መልስ አላገኘም። ስለዚህ ውል ሲቀርብለት ከፊርማው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው፤ የአሰልጣኙ "ችግር የለውም" ቪዛ ሲሰረዝ አያድነውም።