የአርዱኢኖ ናኖ ቦርዴ መብራቱ ይበራል፤ ላፕቶፑ ግን አያውቀውም

ጥያቄ፦ ጀማሪው

ጤና ይስጥልኝ። የአፈር እርጥበት እየለካ ትንሽ የውሃ ፓምፕ የሚያስነሣና የሚያቆም ሥራ ለመሥራት አስቤ ሁለት የአርዱኢኖ ናኖ ቦርዶች (ፕሮግራም የሚጻፍባቸው ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች) ገዛሁ። ቦርዶቹ ዋናው አምራች ያወጣቸው ሳይሆኑ በርካሽ የሚሸጡት ቅጂዎች ናቸው፤ በጀርባቸው ባለው የዩኤስቢ ቺፕ ላይ ሲኤች340ጂ የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ላፕቶፔ የሚሠራው በኡቡንቱ 22.04 ነው። አንዱን ቦርድ ስሰካው ቀዩ መብራት ወዲያው ይበራል፤ በአርዱኢኖ ፕሮግራም ውስጥ ፖርት (ኮምፒውተሩ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት በር) የሚመረጥበት ቦታ ግን እንደደበዘዘ ይቀራል። ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት፣ ላፕቶፑንም ደጋግሜ አጥፍቼ አበራሁት፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ቦርድ አንድ ጊዜ ከጠረጴዛ ላይ ወድቆብኛል፤ እሱም መብራቱ ይበራል እንጂ አይታይም። ኤሌክትሪክ እስካገኙ ድረስ የማይታወቁት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሽቦ ዘርጊ

የመብራቱን መብራት እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት። በተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ኬብል ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያደርሳሉ፣ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። ለቻርጅ ብቻ ተብለው የሚሠሩ ኬብሎች የመረጃ ሽቦዎቹን ጨርሶ የላቸውም፤ ናኖ የሚጠቀምበት ሚኒ ዩኤስቢ ደግሞ ዛሬ ዛሬ ቤት ውስጥ የሚገኘው ከአሮጌ ዕቃ ጋር ስለሆነ፣ እጅዎ ላይ ያለው ኬብል እንዲህ ያለው ቢሆን አይገርመኝም። ኮምፒውተሩ አንድ ዕቃ መሰካቱን የሚያውቀው ኤሌክትሪክ ስለ ሰጠው ሳይሆን፣ በዕቃው ላይ ያለው ቺፕ አንደኛዋን የመረጃ ሽቦ በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ 3.3 ቮልት ገደማ ሲስባት ነው። ሽቦዋ ከሌለች ለኮምፒውተሩ ምንም አልተሰካም ማለት ነው።

ስለዚህ ፕሮግራም ማጥፋትና መጫኑን ለጊዜው ይተዉትና ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው «ሱዶ ዲሜሴጅ» የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከደብልዩ ጋር (sudo dmesg -w) ይጻፉ፤ የሲስተሙን መልእክቶች እየተከታተለ ያሳያል፤ ከዚያም ቦርዱን ነቅለው ይሰኩት። አንድም መስመር ካልተጨመረ ጥርጣሬው ኬብሉ ላይ ነው። መስመር ከተጨመረ የሚለውን እዚህ ያስፍሩልን። ድራይቨር (ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ፍለጋም አይድከሙ፤ የኡቡንቱ እምብርት የሆነው የሊኑክስ ከርነል የሲኤች340ን ድራይቨር ይዞ ነው የሚመጣው። የድራይቨሩ ስም ሲኤች341 ቢሆንም ለሁለቱም ያገለግላል።

ጀማሪው

አመሰግናለሁ። እንዳሉትም በእኔ ኬብል ቦርዱን ብሰካ ብነቅል አንድም መስመር አልወጣም። ከጎረቤት የአሮጌ ካሜራ ኬብል ተውሼ ስሞክር ግን ሁለቱ ቦርዶች የተለያየ ነገር አሳዩኝ። የመጀመሪያው በ1ኤ86፡7523 መለያ ታወቀ፤ ቲቲዋይዩኤስቢ0 የሚባል ፖርትም ተሰጠው፤ ወዲያው ግን ተቋርጧል የሚል መስመር ተከተለ። በመካከሉ ቢአርኤልቲቲዋይ የሚል ስም አያለሁ። ሁለተኛውን ቦርድ ስሰካ ግን ኮምፒውተሩ ዲስክሪፕተር (ዕቃው ማንነቱን የሚገልጽበት መረጃ) ለማንበብ አልተቻለም እያለ ስሕተት 71ን ከነመቀነስ ምልክቱ ይደጋግምና መጨረሻ ላይ ይተወዋል።

መልስ፦ ሌሊት ሠራተኛ

የመጀመሪያው ቦርድዎ ጤነኛ ነው። ቢአርኤልቲቲዋይ ለዓይነ ስውራን የሚያገለግሉ የብሬይል ማሳያ መሣሪያዎችን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ሲሆን በኡቡንቱ 22.04 ውስጥ አብሮ ተጭኖ ይመጣል። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ያንኑ ሲኤች340 ቺፕ፣ ያንኑ 1ኤ86፡7523 መለያ ስለሚጠቀሙ፣ ፕሮግራሙ የእርስዎን ናኖ የብሬይል መሣሪያ መስሎት ከድራይቨሩ ላይ ይነጥቀዋል። በኮምፒውተሩ የብሬይል ማሳያ የሚጠቀም ሰው ከሌለ «ሱዶ አፕት ሪሙቭ» ብለው ስሙን በመጨመር (sudo apt remove brltty) ያስወግዱትና ቦርዱን ነቅለው ይሰኩት።

ከዚያ በኋላ ወደ ቦርዱ ፕሮግራም ሲጭኑ ፈቃድ የለዎትም የሚል መልእክት ከመጣ፣ የተጠቃሚ ስምዎን ፖርቶችን ለመጠቀም ፈቃድ ባለው ዳያልአውት (dialout) በሚባለው ቡድን ውስጥ አስገብተው ከመለያዎ ወጥተው ይግቡ። ፖርቱ ተከፍቶም ቦርዱ መልስ የማይሰጥ ከሆነ በፕሮሰሰር ምርጫው ውስጥ ኦልድ ቡትሎደር የሚለውን ይሞክሩ፤ ቡትሎደር በቦርዱ ቺፕ ውስጥ ሆኖ በዩኤስቢ የሚላከውን ፕሮግራም የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አሮጌው ቡትሎደር በ57600፣ አዲሱ በ115200 ፍጥነት ስለሚነጋገሩ በርካሽ ቅጂዎች ላይ ይህ ያጋጥማል።

መልስ፦ ሽቦ ዘርጊ

በዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ወይም የቤተ መጻሕፍት ከሆነ፣ ፕሮግራሙን ማጥፋቱን አልደግፍም፤ ነገ ማን እንደሚቀመጥበት አይታወቅምና። ከፕሮግራሙ የዩዴቭ ሕጎች (ዕቃ ሲሰካ ሲስተሙ ምን እንደሚያደርግ የሚወስኑ መስመሮች) ውስጥ ያን መለያ የያዘችውን አንዲት መስመር ብቻ ከሥራ ውጪ ማድረግ ይሻላል፤ ፕሮግራሙ ሲታደስ ግን መስመሯ ተመልሳ ልትመጣ ትችላለች።

የሁለተኛው ቦርድ ጉዳይ ሌላ ነው። የመቀነስ ምልክት ያለበት 71 በሊኑክስ የፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) ስሕተት ነው፤ ኮምፒውተሩ የተሰካ ነገር እንዳለ አውቆ ማንነቱን ሲጠይቀው ትርጉም ያለው መልስ አላገኘም ማለት ነው። ድራይቨር የሚመረጠው ይህ መልስ ከመጣ በኋላ ስለሆነ፣ ችግሩን በሶፍትዌር መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። በወደቀ ቦርድ ላይ እኔ መጀመሪያ የማየው ከሲኤች340ጂ አጠገብ ያለችውን የ12 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ነው። ይህ ዓይነቱ ቺፕ ሰዓቱን፣ ማለትም ሥራውን የሚመጥንበትን ምት፣ የሚያገኘው ከእሷ ነው፤ ሲኤች340ሲ የሚባለው ግን በውስጡ የራሱ ስላለው ክሪስታል አያስፈልገውም። ክሪስታል ውስጧ ስስ የኳርትዝ ቁራጭ ስለሆነ መውደቅ አይወድላትም፤ ራሷ ባትሰበር እንኳ ከቦርዱ ጋር የተበየደችበት ቦታ ሊላቀቅ ይችላል። የዩኤስቢ ሶኬቱንም እግሮች በማጉያ መነጽር ይመልከቷቸው።

ጀማሪው

የመጀመሪያው ቦርድ ሠርቷል፤ ፈቃድም ጠይቆ ነበር፣ በዳያልአውት ተፈታ። የሁለተኛውን ክሪስታል በመበየጃ በጥንቃቄ አሙቄ ደግሜ በየድኩት፤ ስሕተቱ ያው ነው። የምጥለው ይመስለኛል።

መልስ፦ ሌሊት ሠራተኛ

አይጣሉት። የዩኤስቢ ቺፑ ቢሞትም ፕሮግራሙን የሚያስኬደው አትሜጋ328ፒ ለብቻው ያለ ቺፕ ነውና ደኅና ሊሆን ይችላል። በሚሠራው ናኖ ላይ ከአርዱኢኖ ምሳሌዎች ውስጥ አንዱን ቦርድ ለሌላው ፕሮግራም መጫኛ የሚያደርገውን አርዱኢኖአይኤስፒ የሚለውን ይጫኑ፤ ከዚያም 11፣ 12 እና 13 ቁጥር እግሮቹን ከሁለተኛው ቦርድ ተመሳሳይ ቁጥሮች ጋር፣ 10 ቁጥሩን ከሁለተኛው ሪሴት ጋር፣ 5 ቮልቱንና ግራውንዱንም እርስ በርስ ያገናኙ። በሚሠራው ቦርድ ሪሴትና ግራውንድ መካከል የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያስገቡ፤ የካፓሲተሩ ኔጌቲቭ እግር ወደ ግራውንድ ይሁን። ካፓሲተሩን ግን አርዱኢኖአይኤስፒን ጭነው ከጨረሱ በኋላ ነው የሚያስገቡት፤ አስቀድሞ ከገባ ያ ራሱ አይጫንም። ፕሮግራመር ከሚለው ምርጫ አርዱኢኖ አዝ አይኤስፒን መርጠው በፕሮግራመር ጫን የሚለውን ይጠቀሙ። ፓምፑ ጋ የሚቀመጠው ቦርድ ይህኛው ይሁን፤ እዚያ ከደረሰ በኋላ ዩኤስቢ አያስፈልገውም።