ካሴት ወደ ኤምፒ3 ስቀይር “ስቴሪዮ” ይሻላል ወይስ “ጆይንት ስቴሪዮ”?

የአባቷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴን 40 ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው፤ እያንዳንዱ የ60 ደቂቃ ነው። አብዛኞቹ የባንድ ዘፈኖች ናቸው። ሦስቱ ግን አያቴ እቤት በገና ሲደረድሩ በትንሽ ሞኖ ቴፕ (ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ ድምፅ ብቻ የሚቀዳ) የተቀዱ ናቸው። እኔ ጋ ያለው ኦዳሲቲ (የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም) ወደ ኤምፒ3 ሲያወጣ “ስቴሪዮ” ወይስ “ጆይንት ስቴሪዮ” ይለኛል። አንድ ጓደኛዬ “ጆይንት ግራና ቀኙን ስለሚደባልቅ ዘፈኑን ይገድለዋል” አለኝ። እውነት ነው? ሁሉም በ4 ጊጋ ፍላሽ ገብቶ በአባቴ መኪና እንዲጫወት ነው የምፈልገው።

ሚክሰሩ፦
እህቴ፣ ጆይንትን ምረጪ። ግራና ቀኙን ደምሮ “መሐል”፣ ቀንሶ ደግሞ “ጎን” የሚባል ድምፅ ያወጣል፤ ሲጫወት ሁለቱ ተመልሰው ግራና ቀኝ ይሆናሉ። ዘፋኙ፣ ቤዙና ከበሮው ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ስለሆኑ ጎኑ ጥቂት ቢት ይበቃዋል፣ የተረፈው ለመሐሉ ይውላል። በተራው ስቴሪዮ ያንኑ ዘፋኝ ሁለት ጊዜ ነው የምትጭኚው። ኦዳሲቲ የሚጠቀምበት ሌም የሚባለው ኤምፒ3 መሥሪያ ደግሞ በየፍሬሙ (በየትንሿ የድምፅ ቁራጭ)፣ በሰከንድ 38 ጊዜ ያህል፣ የቱ እንደሚሻል ራሱ ይወስናል።

ፍላክ ወዳጅ፦
ጓደኛሽም ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። “ኢንቴንሲቲ ስቴሪዮ” የሚባል ሌላ ዓይነት ጆይንት አለ፤ ቀጫጭኑን ድምፅ አንድ ላይ ጠቅልሎ የግራና የቀኙን ጉልበት ብቻ ይመዘግባል። በዚያ የጠፋው አይመለስም። ሌም ግን አይጠቀምበትም።
ፋይሉ በጆይንት ያንሳል ብለሽ እንዳትጠብቂ፤ በሰከንድ 192 ኪሎቢት ካልሽ በሁለቱም 192 ነው። በደቂቃ 1.44 ሜጋ ስለሚወስድ 2400 ደቂቃሽ 3.5 ጊጋ ገደማ ይሆናል፣ ፍላሽሽ ይችለዋል። ዋናውን ቅጂ ግን ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በፍላክ አስቀምጪ፣ አደራ።

ቴፕ ሠሪው፦
ልጄ፣ የበገናውን በሞኖ አውጪው። ግራና ቀኙን ስትደምሪ የካሴቱ ሹክሹክታም ይቀንሳል። መጀመሪያ ግን ፈትሺ፤ ትራኩን ወደ ሁለት ሞኖ ክፈይ፣ አንዱን ኢንቨርት በሚለው ትእዛዝ ገልብጪ፣ አብረሽ አጫውቺ። በገናው ተጠፋፍቶ ሹክሹክታ ብቻ ከቀረ ደህና ነው። በገናው ቀጥኖ ከተሰማ የቴፕሽ ሄድ (ካሴቱን የሚያነበው ክፍል) ከካሴቱ ጋር አልገጠመም ማለት ነው፤ እንደዚያው ከደመርሽው ጥራቱ ይሞታል። ሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ በጣም ቀስ እያልሽ አዙሪ፣ በሞኖ እያዳመጥሽ። ድምፁ በጣም በጠራበት ቦታ አቁሚና እንደገና ቅጂው። ሄዱ ያልገጠመው ካሴቱ የተቀዳው በሌላ ቴፕ ስለሆነ ነው።

የአባቷ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ገልብጬ ሳጫውተው በገናው ቀጭን ሆኖ ይሰማ ነበር። ብሎኗን ሩብ ዙር እንኳ ሳላዞር ያ የአውታሩ ጥዝታ ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ አያቴ ከመጀመራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉም ይሰማል። ሦስቱንም እንደ አዲስ ቀድቼ በሞኖ 96 አወጣኋቸው፤ ባንዶቹ በጆይንት 192 እየወጡ ነው። ቅዳሜ አባቴን መኪናው ውስጥ አሰማዋለሁ።