ኮርቻው እያቆሰለኝ ነው፣ ሳይክል የምትነዱ ሴቶች በናታችሁ (ወንዶችም ካወቃችሁ ግቡ)

የአቶቴዋ፦
ሰላም ናችሁ፣ እንዴት ብዬ እንደምጀምረው ራሱ ጨንቆኛል፣ እህት የለኝም፣ እናቴ ደግሞ ከሰማች ሳይክሉን ነው የምትሸጥብኝ። ሀዋሳ ነኝ፣ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ስራ የምሄደው በሳይክል ነው፣ እሱ ምንም አይለኝም። ግን ሁለት ወር ሆነኝ እሁድ እሁድ ከሁለት ወንዶች ጋር በጥቁር ውሃ ወጥተን ሻሸመኔ ደርሰን እንመለሳለን፣ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እና ስመለስ ብሽሽቴ ተላልጦ ውሃ ሲነካኝ ነው የምጮኸው። ባለፈው ደግሞ እንደ ብጉንጅ ያለ ነገር ወጥቶብኝ ሰኞ ቢሮ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ ዋልኩ። ጄል ያለው የኮርቻ ልብስ ገዛሁ፣ ጭራሽ ባሰኝ። ሰሪው ጋ ስሄድ "ትለምጂዋለሽ" አለኝ። የምለብሰው ታይት ነው፣ ከውስጥ የጥጥ ፓንት። እኔ ብቻ ነኝ ወይስ ሴት ሁሉ እንዲህ ነው?

ማሚ በፔዳል፦
የኔ ቆንጆ አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ አናወራውም እንጂ። መጀመሪያ ፓንቱን አውልቂው ሃሃ። የምሬን ነው። ከውስጡ ስፖንጅ የተሰፋበት የሳይክል ቁምጣ አለ አይደል፣ እሱ ያለ ፓንት ነው የሚለበሰው፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ አፈርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የፓንቱ ስፌት ልክ ብሽሽትሽ ላይ ያርፋል፣ ጥጡ ደግሞ ላቡን መጥጦ ይዞ ይቀመጣል፣ በደቂቃ 80 ጊዜ ፔዳል ካዞርሽ በሰዓት 4,800 ጊዜ ያ እርጥብ ስፌት አንድ ቦታ ላይ ይፈትግሻል ማለት ነው፣ ድንጋይ ቢሆንም ይላጣል። ቁምጣውን እኔ ከቦንዳ ነው ያገኘሁት፣ አራት ጊዜ ተመላልሼ። ሰው የለበሰው ይደብረኛል ካልሽ ይገባኛል፣ አዲስ ካገኘሽ እሱን ግዢ፣ ከቦንዳ ከሆነ ግን ስፖንጁን በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊው፣ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ተይው፣ ከዛ በደንብ አጥበሽ ፀሐይ ላይ። ከመውጣትሽ በፊት የሚፋጨው ቦታ ላይ ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ተቀቢ፣ ከጨርቁ ላይ ማስለቀቁ ያሰለቻል ግን ያድናል። የወር አበባ ሰሞን ሞዴስ አድርገሽ ረጅም መንገድ አትውጪ፣ ጠርዙ ምላጭ ነው።

ነርሷ፦
እህቴ ብጉንጅ ያልሽውን እንዳታፈርጪው! ንፁህ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዢበት፣ በቀን ሦስት አራቴ፣ እስኪድን ድረስ ሳይክል የለም። እየሰፋ ከሄደ፣ ቅላቱ ዙሪያውን ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ እዛ ብዙ ሴት ያያሉ፣ ምንም አትፈሪ። ፋርማሲ ሄደሽ ፊት ላይ የሚቀባውን ስቴሮይድ ክሬም ግን በራስሽ እንዳትገዢ፣ ቆዳውን እያሳሳ ኢንፌክሽኑን ያባብሰዋል። ለተላጠው የህፃናት ዳይፐር ክሬም፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለው፣ ጥሩ ነው። ሌላው፣ ቅዳሜ ማታ ተላጭተሽ እሁድ አትውጪ፣ ፀጉሩ ወደ ውስጥ እያደገ ነው ግማሹ እብጠት የሚመጣው፣ በመቀስ ማሳጠር ይበቃል። ደግሞ አውቃችኋለሁ፣ ከሻሸመኔ መልስ አሞራ ገደል አሳ ምናምን እያላችሁ በላብ ታይት ሁለት ሰዓት ትቀመጣላችሁ። መጀመሪያ ቀይሪ፣ ታጠቢ፣ ከዛ አሳሽን ብይ።

ሰንሰለት፦
ወንድ ነኝ፣ ሳይክል እጠግናለሁ፣ ይቅርታ ከገባሁ። "ትለምጂዋለሽ" ያለሽ ሰው ኮርቻውን አላየውም። ለስላሳ ኮርቻ ሱቅ ውስጥ ሲነኩት ደስ ይላል፣ ረጅም መንገድ ላይ ግን አጥንትሽ ጄሉ ውስጥ ይሰምጥና መሀሉ ሽቅብ ተነስቶ ስስ ቦታሽን ይጫናል፣ ለዛ ነው የባሰሽ። ክብደቱን መሸከም ያለባቸው ከስር ያሉት ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው፣ ሴት ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰፋ ይላሉ፣ እዚህ የሚመጣው ሳይክል ግን ኮርቻው ብዙ ጊዜ ቀጭን የወንድ ነው። ካርቶን ጠንካራ ነገር ላይ አንጥፊና ቁጭ በይበት፣ ጎንበስ ብለሽ እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ ስትነሺ ሁለት ጉድጓድ ታያለሽ፣ ከመሀል እስከ መሀል ለኪና 2 ሳንቲም ገደማ ጨምሪ፣ የሚሆንሽ ስፋት እሱ ነው። ከፍታውን ደግሞ ቁጭ ብለሽ ተረከዝሽን ታች ባለው ፔዳል ላይ አድርጊ፣ ጉልበትሽ ልክ ቀጥ ማለት አለበት፣ ለመድረስ ወገብሽ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ከፍ ብሏል፣ እሱም ይልጣል።

የአቶቴዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሳምንቱን ሙሉ በባጃጅ ስመላለስ ሰንብቼ ብጉንጁ ጠፋ። የፓስታ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ለካሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ሳቀብኝ፣ 13 ሳንቲም ሆነ፣ ስለዚህ የሚሆነኝ 15፣ ኮርቻዬን ስለካው ራሱ 13 ነው! አፍንጫውም ሽቅብ ያይ ነበር፣ በ13 ቁልፍ ፈትቼ ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። ለሙከራ ጥቁር ውሃ ድረስ ብቻ ሄጄ መጣሁ፣ በየ10 ደቂቃው ከኮርቻው ብድግ እያልኩ፣ ምንም አልላጠኝም። ሰፋ ያለ ኮርቻ እየፈለግኩ ነው። የስፖንጁን ቁምጣ ግን ብቻውን ለብሼ በገብርኤል በኩል አላልፍም፣ ምን ልደርብበት?

ማሚ በፔዳል፦
ሃሃሃ እኔ ሰፊ ቁምጣ ነው የምደርበው፣ ጉልበት ድረስ የሚደርስ፣ መሀሉ ላይ ወፍራም ስፌት የሌለው። ጂንስ እንዳይሆን ብቻ። ቀሚስ ሞክሬ ሰንሰለቱ በላብኝ።