ቡቺን ሳልመታ ከባጃጅ ፍርሃት ማላቀቅ ይቻላል?

ጠያቂ፦ የከዚራ ነዋሪ፣ ድሬዳዋ

ወገኖቼ፣ የሁለት ዓመት ውሻ አለኝ፤ ስሙ ቡቺ ነው። ቡችላ ሳለ ባጃጅ የኋላ እግሩን ገጭቶት ነበር። እግሩ ድኗል። አሁን ግን የባጃጅ ድምፅ በሰማ ቁጥር ጥርሱን አግጥጦ ይጮኻል፤ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይደርሳል። አንድ ጎረቤቴ «ንቆሃል፣ አለንጋ አቅምሰው» አሉኝ። ትናንት ጮክ ብዬ ተቆጣሁት። መሬት ላይ ተለጥፎ ሽንቱን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ እጄን ሳነሳ ዓይኑን ይጨፍናል። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የጁገል እናት፣ ሐረር

ወንድሜ፣ ቡቺ አልናቀህም፤ ፈርቷል። ባጃጁ ሁልጊዜ አልፎ ስለሚሄድ በጩኸቱ ያባረረው ይመስለዋል፤ የሚብስበትም ለዚህ ነው። «የበላይነትህን አሳየው» የሚለው ምክር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1947 በግቢ ስለተዘጋባቸው ተኩላዎች የተጻፈ ጥናት ነው። ሐሳቡን በ1970 መጽሐፉ ያስፋፋው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜች ራሱ በ1999 አርሞታል፤ በዱር ያለ የተኩላ መንጋ አባት፣ እናትና ልጆች ናቸው።

አስቀድመህ እግሩን ለእንስሳት ሐኪም አሳይ፤ የተደበቀ ሕመም ውሻን ቁጡ ያደርጋል። ሰንሰለቱን ተውና ደረቱን የሚይዝ ሰፊ ማሰሪያ አድርግለት። ከልኳንዳ ሳንባ ገዝተህ ቀቅል፤ በጥፍር ልክ ክተፈው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ባጃጅ ከሩቅ የሚታይበት ቦታ ቁሙ። የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ከሆነ አሸዋው ይመቻል፤ ሰማይ ከጠቆረ ግን እንዳትወርድ፣ በ1998 ዓ.ም. የደረሰውን ጎርፍ ታውቀዋለህ። ባጃጅ ሲታይ ሳንባ፣ ሲያልፍ ምንም። ቅደም ተከተሉን ካዛባኸው ሳንባው ራሱ የአደጋ ምልክት ይሆንበታል። አልበላም ካለ፣ ከናፍሩን ደጋግሞ ከላሰ ወይም ካዛጋ ቀርባችኋልና ራቁ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሲያጉረመርም ደግሞ አትቆጣው። እኔ የራሴን ውሻ እየተቆጣሁ ዝም አሰኘኋት፤ የተሻላት መስሎኝ ደስ አለኝ። አንድ ማታ ጅቦች ሲጮኹ ተሸማቅቃ ሳለ የእህቴ ልጅ ልትዳብሳት ጎንበስ አለች። ውሻዋ ድምፅ ሳታሰማ እጇን ነከሰቻት። ማስጠንቀቂያዋን የነጠቅኋት እኔ ነኝ። ልጅቷን ወዲያው ቁስሏን በሳሙናና በውሃ አጥበን ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ውሻዋም ክትባት ነበራት።

መልስ፦ ከመጋላ

እየጮኸ ሥጋ መስጠት ጩኸቱን መሸለም አይሆንም?

የጁገል እናት

ከጮኸ ቀድሞውንም ቀርባችኋል ማለት ነው፤ አርቀው። ፍርሃት እንደ ትእዛዝ የሚታዘዝ ነገር አይደለም። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ ካጠናቸው ውሾች አፍ ምራቅ የመጣው ስለታዘዙ ሳይሆን ምልክቱን ምግብ ስለተከተለው ነው። እዚህም ምልክቱ ባጃጁ ነው።

ጠያቂ፣ ከ11 ቀን በኋላ

እግሩ ደህና ነው ተባለ። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ሳንባውን አሽትቶ ተወው፤ እየራቅን እየራቅን አሸዋው መሃል ደረስን። ዛሬ ጠዋት ድልድዩ ላይ ባጃጅ ሲያልፍ ጆሮውን አቆመ፤ አየው፤ ከዚያ ዞሮ እኔን አየ። ዓይኔ እንባ ሞላ። እጄን ከፍ ሳደርግ ግን አሁንም ዓይኑን ይጨፍናል። ስለዚህ ቁጢጥ ብዬ፣ ከመዳፌ ላይ ነው የማጎርሰው።