«ስኩዊዴን ጠበሰው» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ ለዕቃ የሚመላለሰው ወንድሜ፣ አንድ የካንቶን ተወላጅ ወዳጁ «አለቃዬ ስኩዊዴን ጠበሰው» ብሎ በሐዘን ነገረኝ ይላል። ስኩዊድ ብዙ ክንድ ያለው፣ የሚበላ የባሕር እንስሳ ነው። ቃሉ ገብቶናል፣ ምሥጢሩ ግን አልተገለጠልንም። የምታውቁ ብታብራሩልን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰውዬው ከሥራ ተባሯል። አባባሉ በካንቶንኛ፣ በደቡብ ቻይናው ቋንቋ፣ «ቻው የው ዩ» ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ከተባለ እውነተኛ የስኩዊድ ጥብስ ነው፤ ስለ ሥራ ሲወራ ግን መባረር ነው።

«ጠበሰው» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እሳቱን ነው፤ ሰውዬው የተቃጠለ፣ የተንገበገበ ይመስለናል። ነገሩ ያለው ግን ቅርጹ ላይ ነው። የተቆራረጠ ስኩዊድ የጋለ መጥበሻ ሲነካው ወዲያው ይጠቀለላል። ድሮ በጓንግዶንግና በሆንግ ኮንግ ብዙ ተቀጣሪ የሚበላውም የሚያድረውም አሠሪው ዘንድ ነበር፤ መኝታውን ግን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። «በቃህ» የተባለ ቀን ያንኑ መኝታ ጠቅልሎ ይወጣል። ስኩዊዱ የዚያ ጥቅል ምስል ነው። እኛም «ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ» እንል የለ? እንግዲህ ያ ሠራተኛ ሥራውንና ማደሪያውን በአንድ ቀን ነው ያጣው። «ተባረረ» ብለን ብቻ ብንተረጉመው ይህ ሁሉ ይቀርብናል፤ ለዚህ ነው የአባባሉን ታሪክ አብሮ መንገር ይገባል የምለው።

ዛሬ አሳጥረው «ተጠበሰ» ብቻ ይላሉ። አባባሉ ወደ ማንዳሪንም፣ ወደ ቻይና ብሔራዊ ቋንቋ፣ ተሻግሯል።

ሌላ ጥያቄ፦ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰውስ ምን ይላል?

መልስ፦ «የአለቃዬን ስኩዊድ ጠበስኩት» ይላል! ግሩም አነጋገር ነው። አለቃ የሚጠቀልለው መኝታ የለውም፤ የጥንቱ ሥዕል ተረስቶ «የሥራ ውል ማቋረጥ» የሚለው ፍቺ ብቻውን ቆሞ መሄዱን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

በዚያው በካንቶንኛ «ርኅራኄ የሌለውን ዶሮ በላ» የሚል የቅርብ ዘመዱም አለ። ድሮ በጨረቃ አቆጣጠር አዲስ ዓመት በገባ በ2ኛው ቀን አሠሪው ሠራተኞቹን ግብዣ ይጠራ ነበር። አሠሪው የዶሮ ቁራጭ በገዛ እጁ አንስቶ ሳህኑ ላይ ያኖረለት ሠራተኛ መሰናበቱን ያውቅ ነበር፤ በቃል የሚነገረው ነገር አልነበረም። ለእኔ ከስኩዊዱ ይልቅ የሚከብደው ይሄኛው ነው፤ የማጉረስ ያህል የፍቅር ምልክት የሆነውን ነገር ማሰናበቻ አድርጎታልና።